የጉበትን የስብ ክምችት የሚቆጣጠሩ ጥቃቅን ሞለኪውሎች

ከአምስት በመቶ በላይ የሚሆኑት የጉበት ሕዋሳት ስብ ሲያከማቹ ጉበቱ በስብ ክምችት እንደተያዘ ይቆጠራል። ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ በብዛት የሚታየው ይህ በሽታ ለዓመታት ምልክት ሳያሳይ ሊቆይ ይችላል። በአንዳንዶቹ ላይ ግን ጉበቱ ይቆጣል፤ ይጠባሰሳል፤ ለካንሰርም ሊጋለጥ ይችላል። አስቸጋሪው ነገር ወደዚህ ደረጃ የሚያመሩትን ሕሙማን አስቀድሞ መለየቱ ነው። ለዚህ ዋነኛ ማረጋገጫ ሆኖ የቆየው በመርፌ ከጉበት ናሙና መውሰድ ሲሆን፣ ሕመም ያለውና አልፎ አልፎም ደም መፍሰስ የሚያስከትል በመሆኑ ለሁሉም ሊታዘዝ አይችልም።

ተመራማሪዎች ማይክሮ አር ኤን ኤ በተባሉት ሞለኪውሎች ላይ ያተኮሩት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው። እያንዳንዳቸው 22 ያህል የዘረመል ፊደላት ብቻ ያሏቸው ሲሆን፣ ፕሮቲን አያመርቱም። ሥራቸው ከዘረመል የሚወጣውን የፕሮቲን ማምረቻ መልዕክት በመያዝ ምርቱን መግታት ነው። አሜሪካውያኑ ቪክተር አምብሮስና ጋሪ ረቭከን ግኝቱን እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ ያደረጉት አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ርዝመት ባላት ትል ላይ ባካሄዱት ምርምር ነው። ለዓመታት የትሏ ብቻ ጠባይ ተደርጎ ቢታለፍም በ2024 የኖቤል የሕክምና ሽልማት አስገኝቶላቸዋል።

በጉበት ውስጥ ካሉት ማይክሮ አር ኤን ኤዎች 70 በመቶ ያህሉ ቁጥር 122 የተሰጠው ነው። በ2012 ይፋ በሆኑ ምርምሮች ይህ ሞለኪውል እንዲጠፋባቸው የተደረጉ አይጦች ጉበታቸው ስብ አከማችቷል፤ ተጠባስሷል፤ ካንሰርም ይዞታል። ጉበታቸው በስብ ምክንያት በተቆጣ ሰዎችም ላይ ሞለኪውሉ በጉበት ውስጥ ሲቀንስ በደም ውስጥ ይጨምራል። የተጎዱት ሕዋሳት ይዘታቸውን ወደ ደም ስለሚለቁ ነው። 34ኤ የተባለው ደግሞ በተቃራኒው በታመመው ጉበት ውስጥ እየበዛ፣ ስብ እንዲቃጠል የሚያግዘውን ሰርት 1 የተባለ ፕሮቲን ያዳክማል። ይህንኑ ከሌሎች ሦስት የደም መለኪያዎች ጋር አጣምሮ የሚመረምር ዘዴም ተዘጋጅቷል።

ይሁንና የ122 በደም ውስጥ መጨመር ብቻውን የስብ ክምችትን አያረጋግጥም። ቫይረስ፣ አልኮልና አንዳንድ መድኃኒቶች ጉበትን ሲጎዱም ይጨምራልና። ሄፓታይተስ ቢ በስፋት በሚገኝባቸው እንደ ኢትዮጵያ ባሉ አገሮች ውጤቱ ከቫይረሱ ምርመራ ጋር ተገናዝቦ መታየት ይኖርበታል።