የግልገል ክብደት ከእናቱ ማኅፀን

በየዓመቱ በዐረፋ በዓል ሰሞን በጅዳና በመካ እጅግ ብዙ በግ ይሸጣል። ከፊሉ ከሱዳንና ከሶማሌ ጠረፍ በመርከብ ተጭኖ በጅዳ ወደብ የሚወርድ ነው፤ ከፊሉ ግን በዚያው አገር የሚረባ ነው፤ ይኸውም ሐሪ የተባለው የሒጃዝ በግ፥ ነጅዲና ነዒሚ ነው። ገዢው የበጉን ቁመትና ላት ይመለከታል። እረኛውን ግን ከዚያ አስቀድሞ የሚያሳስበው ነገር አለ፤ ይህም ግልገሉ ሲወለድ ያለው ክብደት ነው። እጅግ ከስቶ የተወለደ ግልገል ሙቀቱ ቶሎ ይጠፋበታል፥ ቆሞ ለመጥባትም ኀይል ያጣል፤ ስለዚህ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀኖች ይሞታል።

ብዙ ሰዎች የግልገል ትልቅነት ከአውራው ብቻ የሚገኝ ይመስላቸዋል። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ዋልተንና ሐሞንድ የተባሉ የእንግሊዝ ሊቃውንት በ1938 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፥ ሻየር የተባለውን ግዙፍ ፈረስና ሼትላንድ የተባለውን ትንሽ ፈረስ አዳቀሉ። ከትልቂቱ ባዝራ የተወለደው ውርንጭላ ከትንሺቱ ከተወለደው ሦስት እጥፍ ያህል መዘነ። የሁለቱም የዘር ድርሻ እኩል ሲሆን ይህ ልዩነት ከምን መጣ ቢሉ፥ ካደሩበት ማኅፀን ነው። በበግም እንዲሁ ነው።

እናቲቱ ይህን የምታደርገው በምን በምን ነው ቢሉ፥ በአራት ነገር ነው። አንደኛ፥ በሰውነቷና በዕድሜዋ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትወልድ በጊት ከጎለመሰችው ያነሰ ግልገል ትወልዳለች። ሁለተኛ፥ በፅንሱ ቍጥር ነው፤ መንቶች አንድ ማኅፀን ስለሚካፈሉ እያንዳንዳቸው ብቻውን ከተፀነሰው ይቀልላሉ። ሦስተኛ፥ በምግቧ ነው፤ እርግዝናዋ 5 ወር ያህል ሲሆን፥ ከፅንሱ እድገት ከመቶ 70 ያህሉ የሚፈጸመው በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት ነው። አራተኛ፥ በአየሩ ሙቀት ነው። በመካ በሰኔና በሐምሌ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ሙቀት የጸናባት እርጉዝ በጊት መኖ ትቀንሳለች፥ ሰውነቷን ለማቀዝቀዝም ደሟ ወደ ቆዳዋ ይበዛል፤ በዚህ ጊዜ ፅንሱን የሚመግበው የእንግዴ ልጅ ሳይፋፋ ይቀራል። ስለዚህ በዚያ አገር ለእርጉዝ በጊት ጥላና ውኃ እንደ መኖ ያህል ያስፈልጓታል።

ይህ ነገር ለእኛም አገር ቅርብ ነው። በሳዑዲ ነዒሚ የሚባለው በግ በሌላ አገር አዋሲ ይባላል። ይህ ዘር ከ1980 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከእስራኤል እየመጣ፥ በመንዝ አመድ ጓያ በሚባለው ማራቢያ ከአገሩ በግ ጋር ተዳቅሏል። የአዋሲ ግልገል ሲወለድ ወደ 4 ኪሎ፥ የመንዝ ግልገል ግን ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በመንዝ የሚያስፈራው ሙቀት ሳይሆን የደጋ ሌሊት ውርጭ ነው፤ ለቀላል ግልገል ግን ሁለቱም ጠላቶቹ ናቸው፤ አንዱ በማኅፀን ሳለ፥ ሌላው ከተወለደ በኋላ ያገኘዋል።

እንግዲህ ትልቅ አውራ መግዛት የሥራው እኩሌታ ነው። የቀረው እኩሌታ በጊቲቱን መጠበቅ ነው። በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት ፉርሽካ ወይም ፋጉሎ ቢጨምሩላት ግልገሉ ይጠነክራል፥ እንገሯም ይበረክታል። ነገር ግን በመጠን ይሁን፤ አንድ ብቻ የያዘች በጊት እጅግ ከተቀለበች ግልገሉ ከልክ አልፎ ምጧ ይጸናባታል። ግልገሉን መጠበቅ የሚጀመረው ከመወለዱ በፊት ነው።