ሞገድን የሚያደክም ሣር

በሰሜን ባሕር ዳርቻዎች፣ በእንግሊዝ፣ በኔዘርላንድስና በጀርመን፣ ከመከላከያው ግድብ ፊት ለፊት የባሕሩ ውሃ በሞላ ቁጥር የሚጥለቀለቅ ሣራም መስክ በብዙ ቦታ ይገኛል። ጨዋማ ረግረግ ይባላል። ትናንሽ ሞገዶችን እንደሚያዳክም ከታወቀ ቆይቷል። መሐንዲሶችን ያሳሰባቸው ግን ውሃው ከሣሩ በላይ ሁለት ሜትር በሚቆምበት የማዕበል ሌሊት ሣሩ ይጠቅም እንደሆነ ነበር።

ይህን ለማወቅ ተመራማሪዎች ረግረጉን ከነአፈሩና ከነሥሩ እየቆረጡ በጀርመን የሃኖቨር ከተማ ወደሚገኝ 300 ሜትር ርዝመት ወዳለው የሞገድ መፈተኛ ቦይ ወስደው 40 ሜትር ያህል አነጠፉት። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመው ውጤት መሠረት የትልልቆቹ ሞገዶች ከፍታ በዚያች አጭር ርቀት 18 በመቶ ቀንሷል፤ ከቅነሳው እስከ 60 በመቶ የሚደርሰው የዕፅዋቱ ድርሻ ነው።

18 በመቶ ጥቂት ይመስላል። ሆኖም የሞገድ ኢነርጂ የሚለካው በከፍታው ካሬ ነውና 0.82 በራሱ ሲባዛ 0.67 ይሆናል፤ ከኢነርጂው አንድ ሦስተኛው ግድቡ ዘንድ ሳይደርስ ቀርቷል ማለት ነው። የት ሄደ? ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ውሃ ከእያንዳንዱ አገዳ ጋር ሲታገል ትናንሽ ሽክርክሪቶች ይፈጠራሉ፤ እነዚህም እየደቀቁ በመጨረሻ ወደ ሙቀት ይለወጣሉ። ሣሩ ነፋስ እንደመታው ጤፍ ይተኛል፣ ብዙውም ይሰበራል። ይበልጥ የሚያስደንቀኝ ግን አገዳው ቢሰበርም አፈሩ አለመሸርሸሩ ነው።

ታሪክም ይህን ያግዛል። እ.ኤ.አ. በ1717 በገና ሌሊትና በ1953 (በኔዘርላንድስ ብቻ 1,836 ሰዎች በሞቱበት ጎርፍ) የተደረመሱ ግድቦች ሲጠኑ፣ ፊታቸው ረግረግ በነበራቸው ላይ የተከፈተው ቀዳዳ አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ቀዳዳው ባነሰ መጠን ወደ መንደር የሚገባው ውሃም ያንሳል።

ይሁንና ሣሩ ሁሉን አይችልም። ሞገድ በሰከንዶች ውስጥ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ማዕበል የሚገፋው የባሕር ሙላት ግን ለሰዓታት ይቆያል፤ እርሱን ለማዘግየት ኪሎ ሜትሮች የሚሰፋ ረግረግ ያስፈልጋል። ስለዚህ ግድቡ አይቀርም፤ ዝቅ ሊል ግን ይችላል። በሌላ በኩል ረግረጉ ደለል እየያዘ ከባሕሩ ጋር ከፍ ይላል፤ ኮንክሪት ይህን አያውቅም። ችግሩ ከኋላው ግድብ፣ ከፊቱ ከፍ የሚል ባሕር ሲኖር መሸሻ ማጣቱ ነው። በእንግሊዝ ፍሪስተን ሾር እ.ኤ.አ. በ2002 የቀድሞውን ግድብ በሦስት ቦታ ሆን ብለው በመክፈት 66 ሄክታር መሬት ለባሕሩ የለቀቁት ለዚህ ነው።