ካርፕ ሁሉ አንድ አይደለም

ከቆቦ ተነስቶ በወልዲያ አድርጎ ወደ ደሴ የሚጓዝ ሰው፣ ደሴ ሊገባ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲቀረው የሐይቅን ከተማ ያገኛል። የእስጢፋኖስ ገዳም ያለበት ሐይቅ እዚያው ነው፤ ከፍ ብሎ ደግሞ አርዲቦ የተባለው ሌላ ሐይቅ አለ። ከአርዲቦ የሚወርድ ጅረት ሁለቱን ያገናኛቸዋል። አርዲቦ ውስጥ የተለቀቀው ካርፕ የተባለው ዓሣ ይህንኑ ውኃ ተከትሎ ወረደና ዛሬ በታችኛው ሐይቅ ከቀረሶና ከአምባዛ ጋር ይጠመዳል። ቀረሶውን በ1970 ዓ.ም. ሰው አምጥቶ ለቆታል። ካርፑን ያመጣው ግን ውኃው ነው።

የካርፕ አገሩ እስያና ምሥራቅ አውሮፓ ነው። ወደ እኛ የመጣው በጣሊያን ወረራ ዘመን ሲሆን፣ በመጀመሪያ የተለቀቀው አዲስ አበባ አጠገብ ባለው የአባ ሳሙኤል ግድብ ነበር። በኋላ ዝዋይም፣ ቆቃም፣ ፊንጫም ገብቷል። ለብዙ ዓሣ አስጋሪ እንጀራ ስለሆነ በደፈናው ጠላት ልንለው አንችልም።

አበላሉን ላየው ግን ስጋቱ ይገባል። በአፉ ዳርና ዳር ሁለት ሁለት አጫጭር ሪዞች አሉት፤ በእነሱ ጭቃውን ይዳስሳል። ከዚያ ከንፈሩን ወደፊት አሹሎ ደለሉን ይምግና ትሉንና ፍሬውን ለይቶ ያስቀራል፤ የቀረውን መልሶ ይተፋዋል። በጉሮሮው ውስጥ ባሉት ጥርሶች የቀንድ አውጣ ቅርፊት ሳይቀር ይፈጫል። ይህን ሺህ ካርፕ ቀኑን ሙሉ ሲያደርገው ውኃው ይደፈርሳል፣ ሣሩ ይነቀላል፣ በሣሩ ውስጥ የሚጠለለው ሌላው ዓሣ ቦታ ያጣል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ነገር ነው። መልካቸው አንድ የሆኑ ካርፖች ጠባያቸው አንድ አይደለም። አውስትራሊያ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። በሲድኒ አካባቢ ፕሮስፔክት የሚባለው የካርፕ ዘር ከረጅም ጊዜ ጀምሮ አለ፤ ያንኮ የሚባለው ደግሞ በመስኖ ቦዮች ውስጥ ለዓመታት ኖሯል። ሁለቱም ብዙ ሳይርቁ በያሉበት ቆዩ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ቡላራ ከተባለ ቦታ፣ ከአንድ እርባታ ያመለጠው ሦስተኛው ዘር ግን መሪ (Murray) የተባለውን ወንዝ አገኘ። በ1974 እ.ኤ.አ. የደረሰው ታላቅ ጎርፍ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ ከወንዙ ተፋሰስ አብዛኛውን ወረሰው። ዘሮቹም ከተገናኙ በኋላ ተዳቀሉ። ተመራማሪዎች በዘረመል ሲመረምሯቸው የትኛው ከየት እንደመጣ ለይተዋል።

ልዩነቱ ከዘር ብቻ አይመጣም፤ ውኃውም የራሱን ያደርጋል። በአውሮፓ ካርፕ ውኃው በጸደይ እስኪሞቅ ጠብቆ እንቁላል ይጥላል፤ ለዚያውም ለመድረስ ሦስት አራት ዓመት ይፈጅበታል። በሞቃት አገር ቶሎ ይደርሳል፣ ብዙ ወራትም ይራባል። ስለዚህ የዝዋዩ ተጠንቷልና የሐይቁም እንዲሁ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። እያንዳንዱ በያለበት ውኃ መለካት፣ ዘሩም መመርመር አለበት። የሐይቁን ካርፕ መራባት ያጠኑ ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች መኖራቸው ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው።

ቆቦ ላይ ይህ ለምን ያገባናል? የራያ ገበሬ ጎርፍ ጠልፎ ማረስን ከአባቶቹ ተምሯል። ከምዕራቡ ተራራ የወረደውን ደራሽ ውኃ በአፈር ቦይ እየመራ ማሳው ያስገባዋል። ውኃ የያዘውን ሁሉ ይዞ እንደሚመጣ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። በመስኖ ኩሬ ዓሣ ላርባ የሚል ሰው ጫጩት ሲገዛ እንግዲህ ከየትኛው ውኃ እንደተያዘ መጠየቅ አለበት። ኩሬውንም ከጎርፍ መውረጃ አርቆ መቆፈር ይበጀዋል፤ የጎሊና ወንዝ ሞልቶ ወደ አፋር ሲወርድ ኩሬውን ከጠረገው የሚሄደው ዓሣ ተመልሶ አይያዝም።

ማፍሰሻው ላይ ወንፊት ማድረግ ትልልቁን ያስቀራል። እንስቷ ግን በአንድ ወቅት በመቶ ሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች፤ እንቁላሉ የሚያጣብቅ ስለሆነ በውኃ የተዋጠ ሣር ላይ ይለጠፋል። የሚፈለፈለው ጫጩት ርዝመቱ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው።