አንድ ድስት፤ ሁለት ቀን መቍጠሪያ

ሞያሌ በኢትዮጵያና በኬንያ ወሰን ላይ የተቀመጠች፤ በአንድ ስም የምትጠራ የሁለት መንግሥታት ከተማ ናት። የሁለቱ አገሮች መሪዎች ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የጋራውን የኬላ ጣቢያ መርቀው ከፍተዋል። ይሁን እንጂ ኬላው አንድ ቢሆንም ቀን መቍጠሪያው ሁለት ነው፤ ይህም ነገር በሆስፒታልና በመጦሪያ ወጥ ቤት ውስጥ ሲገባ የሰው ሕይወት የሚነካ ይሆናል።

ለምሳሌ በዱቄት ወተት ቆርቆሮ ላይ የመጨረሻው ቀን በአውሮፓ አቈጣጠር 2024 ተብሎ ተጽፎ ይሆናል። የኢትዮጵያን አቈጣጠር የለመደ ዕቃ ቤት ጠባቂ ግን ገና ሰባት ዓመት ያህል የሚቀረው መስሎት፤ ጊዜው ያለፈበትን ወተት ለሕፃን ሊሰጥ ይችላል።

የሰዓቱም ነገር እንደዚሁ ነው። ቀትር በአማርኛም ሆነ በስዋሂሊ አነጋገር 6 ሰዓት ነው፤ በአውሮፓ አቈጣጠር ሲጻፍ ግን 12 ይባላል። እንግዲህ በቀትር የበሰለ ወጥ «6 ሰዓት» ተብሎ ቢጻፍበት፤ በአውሮፓ ሰዓት የሚሠራው የማታ ተረኛ አሁን ከእሳት የወረደ አድርጎ ይቈጥረዋል። ወጡ ግን ስድስት ሰዓት አሳልፏል።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚያስተምረው፤ የበሰለ ምግብ ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ ሊቈይ አይገባውም። የማቀዝቀዣው ቅዝቃዜ ከ5 ዲግሪ በታች፤ ለገበታ በትኩስነቱ የሚጠበቀውም ከ60 ዲግሪ በላይ መሆን አለበት። ጥሬ ሥጋም ከበሰለው ተለይቶ ይቀመጣል።

«መልሶ ማፍላት ይበቃል» የሚሉ አይታጡም። ነገር ግን እሳት ሁሉን መርዝ አያጠፋም። በ2004 እ.ኤ.አ. በምሥራቃዊ ኬንያ በእርጥበት ተከማችቶ የሻገተ በቈሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው፤ 125ቱ ሞተዋል። ያ መርዝ በማብሰል የሚወገድ አልነበረም።

መድኃኒቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የምግቡ ስም፤ የበሰለበት ቀንና ሰዓት፤ የሚጣልበትም ቀን በጉልህ ይጻፍ። ከቍጥሩ አጠገብ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ይጨመርበት፤ ሰዓቱም «ጧት»፤ «ቀትር»፤ «ማታ» ተብሎ ይለይ። ከሁሉም በላይ የዕለቱ ስም አይቅር፤ ዓመቱና ሰዓቱ ቢለያይም ሰኞ ከወሰኑ ወዲህም ወዲያም ሰኞ ነውና። በሽተኛውና ሽማግሌው የቀረበላቸውን ከመብላት በቀር ድስቱን ከፍተው ሊመረምሩ አይችሉም፤ የሚጠብቃቸው ይህ ጽሑፍ ነው።