ቁጥር የተጻፈበት ዓሣ

የጸደይ ጠዋት ነው። ዋሽንግተን ዲሲን እየታከከ በሚወርደው በፖቶማክ ወንዝ ዳር አንድ አጥማጅ ክሩን እየጠቀለለ ዓሣውን ወደ ዳር ያቀርባል። ከስንጥቡ እስከ ጭራው ጥቋቁር መስመሮች የተሰመሩበት ስትራይፕድ ባስ ነው፤ የሜሪላንድ ሰው ሮክፊሽ ይለዋል። ከሆዱ ሥር ቀጭን ሮዝ ነገር ተንጠልጥሏል። ሲያዩት ከሌላ ሰው መንጠቆ ተበጥሶ የቀረ ክር ይመስላል። በላዩ ላይ የተጋገረው አረንጓዴ ዝቃጭ በእርጥብ ጣት ሲጠረግ ግን ቁጥር፣ ስልክና «ሽልማት» የሚል ቃል ብቅ ይላል።

ይህን ዓሣ ከዚያ በፊት የያዘው ሰው አለ። ለክቶታል፣ መለያውን ተክሎበታል፣ ቀኑንና ቦታውን መዝግቦ መልሶ ለቆታል። ከዚያች ቀን ወዲህ ዓሣው የት እንደከረመ፣ ምን ያህል እንዳደገ የሚያውቅ የለም። የመጀመሪያውን ወሬ ሊናገር የሚችለው አሁን በእጁ የያዘው አጥማጅ ነው።

ብዙው አጥማጅ ግን ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። አንዳንዱ መለያውን መንጭቆ ለመታሰቢያ ኪሱ ይከታል። አንዳንዱ ልብ ሳይለው ዓሣውን ይበልታል። አንዳንዱም፣ በተለይ ለአገሩ እንግዳ የሆነው፣ «የመንግሥት ዓሣ ነው፤ ጣጣ ያመጣብኛል» ብሎ ይፈራና ዝም ይላል። ፈቃድ አውጥቶ በደንቡ መሠረት ያጠመደ ሰው ግን የሚያሰጋው ነገር የለም። በመለያው ላይ ስልክ የተጻፈው እንዲደወልበት ነው።

ከጥብጣብ እስከ ባትሪ

ዓሣን ምልክት አድርጎ መልቀቅ የቆየ ብልሃት ነው። እንግሊዛዊው አይዛክ ዋልተን በ1653 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሳተመው የዓሣ ማጥመድ መጽሐፉ፣ በግልገል ሳልሞኖች ጭራ ላይ ጥብጣብ ታስሮ ዓሣዎቹ ከባሕር ሲመለሱ እዚያው በተለቀቁበት ቦታ መያዛቸውን ጠቅሷል። በአሜሪካ ቻርልስ አትኪንስ በ1873 በሜይን ግዛት በፔኖብስኮት ወንዝ የሳልሞኖችን ጉዞ ለማወቅ መለያ አደረገባቸው። በዚያው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ደግሞ ዴንማርካዊው ዮሐንስ ፒተርሰን ፕሌይስ በሚባለው ጠፍጣፋ ዓሣ ላይ መለያ ማድረግ ጀመረ። ምልክት ያላቸውን መልሶ በመያዝ የዓሣን ብዛት የሚገምተው ስሌት እስከ ዛሬ ከስሙ ጋር ይጠራል።

ያ ስሌት የአጥማጁ ዝምታ ለምን እንደሚጎዳ ስለሚያሳይ መረዳቱ ይጠቅማል። ለዚህም አንድ ጆንያ አተር ይበቃል። በጆንያው ውስጥ ስንት ፍሬ እንዳለ ለማወቅ የፈለገ ሰው ሁሉንም አይቆጥርም። 100 ፍሬ ሽምብራ ይጨምርበትና በደንብ ያገላብጠዋል፤ ከዚያ 200 ፍሬ ዘግኖ ያወጣል። ከነዚህ ውስጥ 4ቱ ሽምብራ ቢሆኑ ከ50 ፍሬ አንዱ ሽምብራ ነው ማለት ነውና፣ በጆንያው ውስጥ 5,000 ያህል ፍሬ እንዳለ ይገምታል።

አሁን አብረውት ከሚዘግኑት አንዱ ሁለቱን ሽምብራ ደብቆ ኪሱ ከተተ እንበል። ቆጣሪው ያየው 2 ብቻ ስለሆነ ስሌቱ 10,000 ይለዋል። ጆንያው ምንም ሳይጨመርበት እጥፍ ሆኖ ታየ።

በወንዙም የሚሆነው ይኸው ነው። ተይዞ ያልተነገረ መለያ ውኃውን ከእውነቱ በላይ ሞልቶ፣ የሚያዘውን ዓሣ ደግሞ ከእውነቱ አሳንሶ ያሳያል። አንድ ሰው በቀን ስንት ዓሣ ይዞ ቤቱ ይግባ፣ የትኛው መጠን ይለቀቅ፣ ወንዙ መቼ ይዘጋ የሚሉት ውሳኔዎች የሚሰጡት እንዲህ ባለ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ ነው። የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ አጥማጆች የዓሣ መመናመን ምን እንደሚያስከፍል በራሳቸው አይተዋል። ሮክፊሹ ክፉኛ ተመናምኖ ሜሪላንድ ከ1985 ጀምሮ ማጥመዱን ሙሉ በሙሉ ከለከለች፤ የተፈቀደው በ1990 ነው። በዚያው በ1980ዎቹ አጋማሽ የአሜሪካ የዓሣና የዱር እንስሳት አገልግሎት በምሥራቁ ዳርቻ በሙሉ ሮክፊሽን በመለያ መከታተል ጀመረ። እስካሁን መለያ የተተከለባቸው ዓሣዎች በመቶ ሺዎች ይቆጠራሉ።

በእጅ ላይ ያለው ዓሣ

መለያ ያለው ዓሣ ሲያዝ መጀመሪያ ሊታሰብ የሚገባው እስትንፋሱ ነው። የሚለቀቅ ከሆነ በተቻለ መጠን ከውኃው ሳይወጣ፣ በመረቡ ውስጥ እንዳለ ቢነበብ ይመረጣል። ዓሣውን የሚነካ እጅ አስቀድሞ መርጠብ አለበት፤ ደረቅ እጅ ከቅርፊቱ በላይ ያለውንና ከበሽታ የሚጠብቀውን ልጋግ ይገፈዋል። መለያው ደግሞ ሥጋው ውስጥ እንደ መልሕቅ የሚይዝ ጫፍ ስላለው፣ በኃይል ሲመነጨቅ ቁስል ያተርፋል።

ቀጥሎ ቁጥሩ ይመዘገባል። እንደ መኪና ታርጋ ሁሉ አንድ አኃዝ ከተሳሳተ ሌላ ዓሣ ይሆናል፤ ስለዚህ ከመጻፍ በተጨማሪ በስልክ ፎቶ ማንሳቱ ዋስትና ነው። አንዱ ፎቶ ቁጥሩን አቅርቦ ያሳይ፣ ሌላው ሙሉውን ዓሣ ከነመለያው። ከዚያ ርዝመቱ ከአፉ ጫፍ እስከ ጭራው ይለካል። ጭራው መሐሉ የተሰነጠቀ ከሆነ ልኬቱ እስከ ስንጥቁ ይሁን እስከ ጫፉ አብሮ ቢገለጽ የሚመዘግበውን ሰው ከስህተት ያድናል።

ዓሣው የተያዘበት ቀንና ቦታም ያስፈልጋል። «ፖቶማክ ላይ» ማለት ብዙ አይረዳም፤ ወንዙ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርዝመት አለው። የድልድዩ ወይም የጀልባ መነሻው ስም ይሻላል፤ የስልኩ ካርታ የሚያሳየው ነጥብ ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል። በመንጠቆ ተያዘ ወይስ በመረብ፣ ተለቀቀ ወይስ ተበላ የሚለውም ይነገራል። ያልለካ ሰው «አልለካሁም» ቢል ይመረጣል፤ የግምት ቁጥር ከእውነተኛው ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ለይቶ ማውጣት አይቻልም።

መብላት ይቻላል? አብዛኛውን ጊዜ አዎ፤ መለያ ዓሣን ከደንብ ነፃ አያደርገውም፣ በተለየ ሁኔታም አይከለክለውም። መጠኑና ወቅቱ ከፈቀደ ይወሰዳል፤ ካልፈቀደ መለያ ቢኖረውም ይለቀቃል። መለያው ላይ «አይበላ» የሚል ማስጠንቀቂያ ካለ ግን ቃሉ መከበር አለበት። ተመራማሪዎች አንዳንድ ዓሣዎችን ቀዶ ጥገና ከማድረጋቸው በፊት በማደንዘዣ ያስተኟቸዋል። ትራይኬይን የተባለው ማደንዘዣ የተሰጠው ዓሣ በአሜሪካ ደንብ 21 ቀን ሳይሞላው ለምግብ እንዲውል አይፈቀድም።

ዓሣው ከተለቀቀ፣ መለያው ላይ የተለየ መመሪያ እስካልተጻፈ ድረስ፣ ከነመለያው መሄድ አለበት። ለሦስተኛ ጊዜ ሊያዝ ይችላልና። ከተበላ ደግሞ መለያው ይቀመጥ፤ ሽልማቱን የሚከፍለው ክፍል እንዲላክለት ሊጠይቅ ይችላል።

ሆድ ውስጥና አፍንጫ ውስጥ ያለው

መለያ ሁሉ ከውጭ አይታይም። በአሜሪካና በካናዳ መካከል ባሉት ታላላቅ ሐይቆች ከ2010 ጀምሮ ተመራማሪዎች በዓሣ ሆድ ውስጥ ድምፅ የሚያሰማ ባትሪ ያለው መሣሪያ ይቀብራሉ፤ ሐይቁ ወለል ላይ የተቀመጡ ተቀባዮች ዓሣው ሲያልፍ ድምፁን ይመዘግባሉ። እንዲህ ያለ ዓሣ ብዙ ጊዜ ከውጭም ምልክት ይደረግለታል። በኢሪ ሐይቅ ዎልአይ በተባለው ዓሣ ላይ በተካሄደ ጥናት መሣሪያውን ለመለሰ ሰው 100 ዶላር ይከፈል ነበር። ስለዚህ ሆድ ሲዘረገፍ የጣት ጫፍ የምታህል ጥቁር ብልቃጥ ብትገኝ ከአንጀቱ ጋር መጣል የለባትም።

ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በሲያትል አካባቢ ደግሞ ነገሩ ይበልጥ ይረቅቃል። የሳልሞን ግልገሎች አፍንጫ ውስጥ 1.1 ሚሊ ሜትር ብቻ የሚረዝም፣ ኮድ የተጻፈበት ሽቦ ይገባል። በዓይን አይታይም። ድሮ ጠቋሚው በዓሣው ጀርባ ወደ ጭራው የምትገኘው ትንሽዬ ሥጋማ ክንፍ መቆረጧ ነበር፤ አሁን ግን ያ ብቻውን ሽቦ መኖሩን አያረጋግጥም። የዋሽንግተን ግዛት ባለሙያዎች በጀልባ መነሻዎች ላይ ቆመው የዓሣውን ራስ በመፈለጊያ መሣሪያ ይፈትሻሉ፤ ሽቦ ከተገኘበት ራሱ ብቻ ይወሰዳል፣ ሥጋው ለአጥማጁ ይቀራል።

ሁለት ቀለም፣ ሁለት ዋጋ

ከተለመደው ደንብ የሚወጣ አንድ ዓሣ አለ፤ እሱም ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ አጥማጆች ቅርብ ነው። ስኔክሄድ የተባለው፣ ራሱ እባብ የሚመስለው የእስያ ዓሣ በ2002 በሜሪላንድ ክሮፍተን ከተማ ኩሬ ውስጥ ተገኘ። በ2004 ፖቶማክ ውስጥ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ በቼሳፒክ ገባር ወንዞች ተስፋፍቷል። መጤ ዓሣ ስለሆነ የሚፈለገው እንዲቀንስ ነው። በ2024 መለያ ተተክሎባቸው ለተለቀቁት ስኔክሄዶች ሽልማት የተመደበው ዓሣው ከነመለያው ፎቶ ተነሥቶ፣ ተገድሎና ሪፖርት ተደርጎ እንዲከፈል ነበር። ሥጋው ነጭና ጣፋጭ ስለሆነ ለምጣድ ይመቻል።

የሽልማቱ መጠን ግን አንድ ዓይነት አልነበረም። ለቢጫ መለያ 10 ዶላር፣ ለሰማያዊ መለያ 200 ዶላር ተመደበ። ዓሣዎቹ አንድ ሆነው ሳለ ዋጋው ለምን ተለያየ? ተመራማሪዎቹ 200 ዶላር አግኝቶ ዝም የሚል ሰው አይኖርም ብለው ያስባሉ። ስለዚህ ሰማያዊዎቹ ከመቶ 20 ሪፖርት ተደርገው ቢጫዎቹ ከመቶ 10 ብቻ ቢሆኑ፣ ቢጫ መለያ ካገኙት ሰዎች ግማሹ ዝም ብለዋል ማለት ነው። የሰውን ዝምታ የሚለኩት በዚህ መንገድ ነው።

በሕንድ ውቅያኖስ ደግሞ ሌላ ዘዴ ተሞክሯል። ከ2005 እስከ 2009 ዋናው ሥራ በተካሄደበት ትልቅ የቱና ጥናት ከ200,000 በላይ ዓሣዎች መለያ ተተክሎባቸው ተለቅቀዋል፤ ከ30,000 በላይ መለያዎችም ተመልሰዋል። ብዙዎቹን ያገኙት በሲሸልስ ቪክቶሪያ ወደብ ከመርከብ ዓሣ የሚያወርዱ የጉልበት ሠራተኞች ናቸው። ከእነሱ ዓይን ስንቱ እንደሚያመልጥ ለማወቅ፣ ታዛቢዎች በመርከቡ ላይ በሞቱ ዓሣዎች መካከል በስውር መለያ እየተከሉ ስንቱ እንደሚመለስ ይቆጥሩ ነበር።

ተመልሶ የሚመጣው ወሬ

መለያ ሪፖርት ያደረገ ሰው ብዙ ጊዜ ምላሽ ያገኛል፦ ዓሣው መቼና የት እንደተለቀቀ፣ ያኔ ምን ያህል ይረዝም እንደነበር፣ ምን ያህል እንደተጓዘ። በአሜሪካ ከ1962 ጀምሮ በበጎ ፈቃደኛ አጥማጆች እጅ በሚካሄደው የሻርክ ጥናት፣ መለያው ውስጥ ያለው መልእክት በእንግሊዝኛ፣ በስፓኒሽ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጃፓንኛና በኖርዌይኛ ተጽፏል፤ ሻርኩ በየትኛው አገር መረብ እንደሚገባ አይታወቅምና። ሪፖርት ያደረገው ሰው የሚያገኘው ሽልማት ባርኔጣ ነው። በዚህ ጥናት አንድ ሳንድባር ሻርክ መለያ ከተተከለበት ከ27 ዓመት በላይ ቆይቶ እንደገና ተይዟል።

በደቡብ አፍሪካ ከ1984 ጀምሮ ከደርባን የሚመራው ፕሮጀክት ደግሞ መለያ መትከሉን ራሱን ለአጥማጆች ሰጥቷል። ከ300,000 በላይ ዓሣዎች በዚህ መንገድ ተለቅቀዋል፤ እንደገና የሚያዙት ከመቶው ከአሥር ያነሱ ናቸው። የአገሪቱ ብሔራዊ ዓሣ ጋልጆን አብዛኛው ከሰፈሩ እንደማይርቅ፣ ጥቂቱ ግን ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚሄድ የታወቀው እንደገና ከተያዙ ባለ መለያ ዓሣዎች ነው። ከሰፈሩ የማይርቅ ዓሣ ጥብቅ ቦታ ቢከለልለት ይተርፋል፤ የሚጓዘው ግን አጥሩን አልፎ ይሄዳል። ይህን ለይቶ ማወቅ የሚቻለው መልሶ የያዘው ሰው ሲናገር ነው።

ወደ ውኃ የሚወጣ ሰው በማጥመጃ ሳጥኑ እርሳስ፣ ቁራጭ ወረቀትና የልብስ ሰፊ ሜትር ቢጨምር ዝግጅቱ ተሟላ። አምና ወይም ካቻምና ከዓሣ ላይ የተነቀለ መለያ በመሳቢያ ወይም በመኪና ኪስ የረሳ ሰውም ቢኖር ጊዜው አላለፈበትም። ዘግይቶ የመጣ ቁጥር ከቀረ ቁጥር ይሻላልና፣ ቀኑንና ቦታውን የሚያስታውሰውን ያህል ይጻፍና በመለያው ላይ ባለው ስልክ ዛሬውኑ ይደውል።