የዋግ ኪዳንና ያልተጠራው ገበሬ

በዋግ ኽምራ፣ ደሃና ውስጥ መሬት ኖሯት በሬ የሌላት ባልቴት ማሳዋን ለበሬ ባለቤት በእኩል ትሰጣለች። ሽማግሌ ይቀመጣል፤ ዘሩ ከማን እንደሚወጣ፣ ገለባው ለማን እንደሚሆን በምስክር ፊት ይነገራል። አራሹ እርሻውን ካጓደለ በሚቀጥለው ክረምት ማሳው ለሌላ ይሰጣል፤ የሚፈርድባትም የለም። አምደ ወርቅ ላይ የሥነ ዜጋ ትምህርት ሳስተምር ስለ ማኅበራዊ ውል የምጀምረው ከዚህ ነው። መንግሥትስ ሥልጣኑን የተቀበለው ከማን ነው? በምን ውል? ቢያጓድልስ ማን ይነሳዋል?

አውሮፓውያን ይህን ጥያቄ አጥብቀው የያዙት ደም ከፈሰሰ በኋላ ነው። እንግሊዝ በእርስ በርስ ጦርነት ታምሳ፣ ንጉሧ ቀዳማዊ ቻርልስ እ.ኤ.አ. በ1649 አንገቱ ተቀልቶ ነበር። ከሁለት ዓመት በኋላ ቶማስ ሆብስ «ሌቪያታን» የተባለውን መጽሐፉን አወጣ። ገዥ በሌለበት አገር ሁሉም ሁሉን ይፈራል፤ ስለዚህ ሰዎች እርስ በርሳቸው ተስማምተው ኃይላቸውን ለአንድ ሉዓላዊ ገዥ አስረከቡ ይላል። ገዥው ግን ተዋዋይ አይደለም፤ ሕዝቡ በእሱ ላይ ውል አፍርሰሃል ብሎ ሊነሳ አይችልም። ተማሪዎቼ ሆብስን ለመረዳት አይቸገሩም። በቅርብ ዓመታት ጦርነት ዋግ ኽምራን ሲያምስ፣ ቤተሰብ ከቀዬው ሲፈናቀል ያየ ልጅ፣ ሰው ለሰላም ሲል ምን ያህል መብቱን አሳልፎ ሊሰጥ እንደሚችል ማንም እንዲያብራራለት አያስፈልገውም።

ጆን ሎክ ግን እ.ኤ.አ. በ1689 መልሱን ቀየረው። ሕይወት፣ ነፃነትና ንብረት ከመንግሥት በፊት የነበሩ መብቶች ናቸው፤ ገዥ እነሱን እንዲጠብቅ አደራ የተሰጠው ነው፤ አደራውን ከበላ ሕዝቡ ሊያወርደው ይችላል። የጄኔቭ ሰዓት ሠሪ ልጅ የሆነው ዣን ዣክ ሩሶ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1762 ባሳተመው «ማኅበራዊ ውል» ሕዝቡ ሉዓላዊነቱን ለማንም ሊያስረክብ አይችልም፣ ሕግ አውጪው ራሱ ሕዝቡ ነው አለ። የገዛ ከተማው መጽሐፉን አቃጠለችበት።

እነዚህ ሦስቱ የጻፉት ስለሚያስቡት ውል ነው። እኛ ዋጎች ግን ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ፣ ተዋዋዮቹ በስም የሚጠሩ ውል አለን። በ1262 ዓ.ም ገደማ መንግሥት ከዛጉዌ ወደ ይኩኖ አምላክ ሲዛወር፣ ንጉሥ ነአኵቶ ለአብ ዙፋኑን በፈቃዱ እንደለቀቀ ይተረካል። አስታራቂው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው የሚል አለ፤ የሐይቁ አባ ኢየሱስ ሞዓ ናቸው የሚልም አለ። በምትኩ የዛጉዌ ዘር «ዋግ ሹም» እየተባለ የዋግ ገዥ ሆኖ እንዲኖር፣ በንጉሥ ፊት በብር ዙፋን እንዲቀመጥና ነጋሪት እንዲያስመታ ተፈቀደለት፤ ቤተ ክርስቲያንም የምድሪቱን ሲሶ አገኘች።

ሌላው ትውፊት ግን እንዲህ አያምርም። የመጨረሻው የዛጉዌ ንጉሥ ይትባረክ ተሸንፎ ሸሽቶ፣ ጋይንት ውስጥ በቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን በይኩኖ አምላክ እጅ ተገደለ ይላል። ታሪክ ጸሐፊው ታደሰ ታምራትም ያጠኑት ይህንኑ በጦር የሆነ ሽግግር ነው። የስኮትላንዱ ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1748 ሎክን የተቸው በዚህ ነጥብ ነበር፤ መንግሥታት ሁሉ ማለት ይቻላል የተመሠረቱት በወረራ ወይም በነጠቃ እንጂ በፈቃድ አይደለም አለ። እኔም ሁለቱን ትውፊቶች ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ወደ ሂዩም አዘነብላለሁ።

ሆኖም የኪዳኑን ትረካ ልጥለው አልችልም። አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1793 እንደጻፈው፣ ውሉ በታሪክ ባይፈጸምም ገዥን መመዘኛ ይሆናል። ዋግ ውስጥ ያ ትረካ የዋግ ሹሞችን ክብር ስድስት መቶ ዓመት ያህል ደግፎ አቁሟል። ዓፄ ቴዎድሮስ ዋግ ሹም ገብረ መድኅንን በሞት ሲቀጡ ልጃቸው ጎበዜ ሸፈቱ፤ በ1860 ዓ.ም ደግሞ ራሳቸው ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። በአባታቸው የዛጉዌን፣ በእናታቸው የሰሎሞንን ዘር ቆጥረው ነበር የነገሡት። በ1863 ዓ.ም ግን አድዋ አጠገብ በትግራዩ ገዥ በበዝብዝ ካሣ ተሸነፉ።

ልቤን የሚከነክነው ሌላ ነገር ነው። በሆብስ ውል ተዋዋዮቹ ተራ ሰዎች ናቸው፤ ከውሉ ውጭ የቀረው ገዥው ነው። በዋግ ኪዳን ግን ንጉሥ ከንጉሥ፣ ንጉሥ ከቤተ ክርስቲያን ተዋዋሉ፤ የምድሪቱ ሲሶ ሲቆረጥ የሚያርሰው ገበሬ ለምስክርነት እንኳ አልተጠራም። ግብሩን የከፈለ፣ ለዘመቻ ስንቁን ተሸክሞ የወጣ ግን እሱ ነው። በ1923 ዓ.ም በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ያረቀቁት የመጀመሪያው ሕገ መንግሥትም ከንጉሠ ነገሥቱ የተሰጠ ስጦታ ነበር። ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት ተዋዋዮቹን ብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች አደረገ። ዛሬ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ሰቆጣ ላይ የራሱ ምክር ቤት አለው። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ብሔረሰብ ተዋዋይ ሲሆን በውስጡ ያለው አንድ ገበሬ ድምፁ ተሰማ ማለት አይደለም፤ የሎክ ጥያቄ እዚህ አሁንም ይሠራል።

በዚህ ዘመን የእኛን ስም የያዘ ሌላ ኪዳንም አለ። ሐምሌ 2007 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ዓለም አቀፉ የልማት ፋይናንስ ጉባኤ ሲካሄድ መንግሥት የሰቆጣ ቃል ኪዳንን ይፋ አደረገ፦ እ.ኤ.አ. እስከ 2030 ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚደርሰውን መቀንጨር ማስቀረት። በ1977ቱ ረሃብ ክፉኛ የተጎዳችው ሰቆጣ ስሟን ሰጠችው፤ ሥራውም በተከዜ ተፋሰስ ባሉ የአማራና የትግራይ ወረዳዎች ተጀመረ። ገዥው በራሱ ላይ ቀነ ገደብ የቆረጠበት፣ ተጠቃሚዋም ዙፋን ያላት ሳትሆን ልጅ ያዘለች እናት የሆነችበት ቃል ነውና፣ እኔ ከዋግ ኪዳን አስበልጠዋለሁ።

ስለዚህ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት አባላትን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ይህን ቃል ኪዳን በየቀበሌው ስብሰባ በአማርኛም በኽምጣኛም አንብቡት። በየዓመቱ ስንት ሕፃን እንደተለካ፣ ስንቱ እንደቀነጨረ ለእናቶች በግልጽ ንገሯቸው፤ ሲጠይቋችሁም መልስ ስጡ።