ጀልባው የማን ነው?

የቲቲካካ ሐይቅ ፔሩንና ቦሊቪያን ያዋስናል፤ ከባሕር ጠለል በላይ 3,812 ሜትር ላይ ነው። በፔሩ በኩል ካለችው ፑኖ በየጠዋቱ የሚነሱት የቱሪስት ጀልባዎች በመጀመሪያ ከተነባበረ ሸምበቆ በተሠሩት የኡሮስ ተንሳፋፊ ደሴቶች ይቆማሉ፤ ከዚያ ወደ ታኪሌ ያቀናሉ። ታኪሌ ሁለት ሺሕ ገደማ ሕዝብ ያላት የገበሬና የሸማኔ ደሴት ናት። ጎብኚው የድንጋይ ደረጃውን እያለከለከ ወጥቶ ምሳውን ይበላል፣ ፎቶውን ያነሳል፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ፑኖ ይገባል። ለጉዞውና ለምሳው የከፈለው አንድ ጊዜ ነው፤ የከፈለው ግን ደሴቱ ላይ አይደለም።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። ፈረንጅ ታኪሌን ማዘውተር በጀመረበት በ1970ዎቹ አጋማሽ (የፔሩን ዘመን በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) ጀልባው የፑኖ ነጋዴዎች ነበር። ደሴተኞቹ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ቤተሰቦች በቡድን እየሆኑ ገንዘብ አዋጡ፣ የእንጨት ጀልባ አሠሩ፣ ያገለገለ የመኪና ሞተር ገጠሙበት። ኢንተር አሜሪካን ፋውንዴሽን የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ለሞተርና ለመለዋወጫ መግዣ ድጋፍ ሰጣቸው። በ1982 የጀልባ ቡድኖቹ 13 ደርሰው ነበር። ከገንዘቡ የበለጠ ዋጋ የነበረው ግን ከመንግሥት ያገኙት ፈቃድ ነው፤ ወደ ታኪሌ ቱሪስት የማመላለሱ ሥራ የታኪሌዎች ብቻ ሆነላቸው።

ጀልባው በእጃቸው ሲገባ ሌላውም ተከትሎ ገባ። ጀልባዎቹ በተራ ይጭኑ ነበር። እንግዳው ከወረደ በኋላ የደሴቱ ኮሚቴ መዝግቦ ለባለተራው ቤተሰብ ያስረክበው ነበር፤ አልጋውም፣ እራቱም፣ ቁርሱም የዚያ ቤት ገቢ ነበር። የሽመናው ውጤት በማኅበሩ ሱቅ በቁርጥ ዋጋ ይሸጣል፤ ጎረቤት ከጎረቤት ዋጋ እየሰበረ እንዳይጠፋፋ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስተውለው አንድ ሒሳብ አለ። የታኪሌ ጀልባዎች ቀርፋፎች ነበሩ፤ ለመሄጃ ብቻ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ይፈጁ ነበር። ነገር ግን ዝግመቱ ራሱ ገቢ ነበረው። ደርሶ መልስ ስድስት ሰባት ሰዓት ውኃ ላይ መቀመጥ ያልፈለገ ሰው ማደር ይሻለዋል፤ ያደረ ሰው ደግሞ ገንዘቡን የሚያወጣው ደሴቱ ላይ ነው።

ይህን ስል ሥርዓቱን ቅዱስ ላደርገው አይደለም። ሞኖፖሊ ባለቤቱ ድኻ ስለሆነ ጠባዩ አይለወጥም። በተራ የሚጭን ባለጀልባ ወንበሩን ቢያሳምርም ባያሳምርም ተሳፋሪው አይቀርበትም። የአዲስ አበባን የታክሲ ተራ የሚያውቅ አንባቢ ይህን ማንም እንዲያስረዳው አያስፈልገውም።

በ1990 ፕሬዚዳንት አልቤርቶ ፉጂሞሪ ሥልጣን ያዘና የፔሩን ገበያ በአንድ ጊዜ በረገደው። ታኪሌዎችም ብቸኛ መብታቸውን አጡ። የፑኖ አስጎብኚ ድርጅቶች ፈጣን ጀልባ ይዘው ገቡ፤ አዳሪው እንግዳ የቀን እንግዳ እየሆነ መጣ። በመጽሐፍ እንደምናነበው ከሆነ ውድድር ዋጋ ይቀንሳል፣ አገልግሎት ያሻሽላል። ተሳፋሪው በእርግጥም ተጠቅሟል። ደሴተኛው ግን የተሸነፈው በጀልባ ፍጥነት ብቻ አልነበረም። ድርጅቶቹ ፑኖ ላይ ቢሮ፣ ከሆቴሎችና ከኩስኮ ከተማ ወኪሎች ጋር ትውውቅ ነበራቸው። ጎብኚው ሐይቁን ሳያይ ኡሮስን፣ ታኪሌንና ምሳውን በአንድ ፓኬጅ ገዝቶ ጨርሷል። በዚህ ጊዜ ደሴቱ ሻጭ መሆኗ ቀርቶ አቅራቢ ትሆናለች። ምሳው የት እንደሚበላ የሚወስነው ድርጅቱ ነው፤ ብዙ ምግብ ቤት ለጥቂት ገዥ ሲሽቀዳደም ዋጋውን ማን እንደሚቆርጠው ግልጽ ነው።

ኡሮሶች በበኩላቸው የተለየ ዕድል አላቸው፤ ደሴታቸው ይንቀሳቀሳል። በ1980ዎቹ አጋማሽ ከደረሰው ማዕበልና ጎርፍ በኋላ ብዙዎቹ ደሴታቸውን ወደ ፑኖ አስጠግተዋል። መሬታቸውን ጎትተው ወደ ገበያው ያስጠጉ ሰዎች እኔ ሌላ አላውቅም።

ከፓኬጁ ያመለጠው የታኪሌዎች የእጅ ሥራ ነው። በታኪሌ ወንዱ ከልጅነቱ ጀምሮ ቆብ ይሠራል፤ መንገድ እየሄደም መርፌው ከእጁ አይለይም። ጫፉ ነጭ የሆነ ቆብ ያደረገ ላጤ ነው፤ ሙሉ ቀይ ያደረገ ባለትዳር። ዩኔስኮ ይህን ጥበብ በ2005 ዕውቅና ሰጥቶታል። ቆቡን ፑኖ ያለ ቢሮ አስቀድሞ ከቲኬት ጋር ሊሸጠው አይችልም፤ ስለዚህ ገንዘቡ እዚያው ይቀራል።

ቲቲካካና ጣና ከምናስበው በላይ ይተዋወቃሉ። ኖርዌጂያዊው አሳሽ ቶር ሄየርዳል በጎርጎርዮሳዊው 1970 ከሞሮኮ ተነስቶ ባርባዶስ የደረሰባት ራ 2 የተባለች ጀልባ የተሠራችው ከጣና በተወሰደ ደንገል ሲሆን፣ አሥረው የሠሯት ከቲቲካካ የመጡ የአይማራ ጀልባ ሠሪዎች ነበሩ። የደንገል ታንኳ ዛሬም በጣና ላይ አለ፤ እንግዳ የሚጓዘው ግን ከባሕር ዳር በሚነሳ የሞተር ጀልባ ነው። ዘጌ ላይ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ሊያይ የሄደ ሰው ለጀልባው ይከፍላል፣ ለአስጎብኚው ይከፍላል፣ ገዳሙ በር ላይ የመግቢያ ይከፍላል። ከሦስቱ ለገዳሙ የሚደርሰው የመጨረሻው ነው። የመግቢያ ክፍያ ደግሞ አንድ ጠባይ አለው፤ እንግዳው ግማሽ ሰዓት ቆየ ግማሽ ቀን ቆየ ያው ነው። ታኪሌም ዛሬ የመግቢያ ታስከፍላለች። ይሁንና ጀልባው የእሷ በነበረ ጊዜ ታገኘው ከነበረው ጋር አይተካከልም።

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ባለው ግጭት የጣና ጎብኚ ተመናምኗል፤ ብዙ ጀልባም ሥራ ፈትቷል። ጎብኚው ሲመለስ ለዘጌና ለደቅ ደሴት ሰዎች ጀልባ እንዲገዙ ብድር ይመቻች የሚል ሐሳብ መነሳቱ አይቀርም። ተንቀሳቃሽ ንብረት ለብድር ዋስትና እንዲሆን የሚፈቅደው አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ስላለ ሐሳቡ መሠረት አያጣም። እኔ ግን ከጀልባው ብድር ላይ ተቀንሶም ቢሆን ባሕር ዳር ውስጥ ለአንዲት ቲኬት መሸጫና እንግሊዝኛ አቀላጥፎ ስልክ ለሚያነሳ ሠራተኛ ደመወዝ ቢመደብ እመርጣለሁ። ታኪሌዎች 13 ቡድን ጀልባ ነበራቸው፤ ያልነበራቸው ፑኖ ላይ ያ ቢሮ ነው።